ከፈረስ ያልወረድንበት ደጃፍ

«ውድድር አይደለም፤ ወዳጃዊ ጉዞ ነው» ነበር ያሉን። እኔ ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ከጋራዥ ሰዎች ጋር ስነታረክ ነው የምውለው፤ «በወዳጅነት» ተብሎ የተጀመረ ነገር መጨረሻው ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ግን አምኜ ገባሁ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የተባለው ለኔ ቢጤ ነው።

ነገሩ ሁሉ የአባቴ ፈረስ ነው። አባዬ ከኔ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ድሮ እዚያው፣ ብሎኮቹ የቆሙበት መሬት ላይ፣ ገብስና ስንዴ ያርስ ነበር። መሬቱ ሲሄድ በሬዎቹን ሸጠ፣ ላሞቹን ሸጠ፤ ፈረሱን ግን አልሸጥም አለ። ፈረስ ደግሞ ፎቅ አይወጣም። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ገና ያልፈረሰ መንደር አለ፤ እዚያ ያክስቱ ልጅ ግቢ አስጠጋው። በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ይሳለምና በእግሩ ወደዚያ ይወርዳል። ያበላዋል፣ ያሸዋል፣ ትንሽ ያንሸራሽረዋል፣ ከሰዓት በኋላ የፈረስ ላብ እየሸተተ ይመለሳል። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ሲስቅ ያየሁት እዚያ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው።

ከዚያ መንገድ ሊወጣ ነው ተባለና ያክስቱ ልጅ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ፈረሱ መሄጃ አጣ። አባዬ ዘመድ አዝማድ ቤት ዞረ፤ ሁሉም ወይ ፎቅ ገብቷል፣ ወይ ግቢው ለራሱም ጠቦታል። ፈረሱን እፈልጋለሁ ብሎ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ጋሪ ነጂ። የፈረሱን አፍ ከፍቶ ጥርሱን አየ፣ ወገቡን በመዳፉ ተጫነና «ሲሚንቶ ለመጎተት ይሆናል» አለ። አባዬ በትህትና እስከ በር ሸኘው። ያን ቀን ምሳም እራትም አልቀመሰም። እኔም ምን እንደምለው ግራ ገብቶኝ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩለት።

የፈረስ ክለቡን ያገኘሁለት እኔ ነኝ። አንድ ደንበኛዬ ነው የነገረኝ፤ ከከተማው ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ፣ ቅዳሜና እሑድ የቦሌ ልጆች የሚጋልቡበት ቦታ ነው። ሥራ አስኪያጇ ከኔ ታናሽ የምትሆን፣ አማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ የምትጨርስ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ፈረሱን ወስደን አሳየናት። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ሲቆም እንደ ጨዋ እንግዳ ነው የሚቆመው። አንገቱን ዳበሰችው፣ አንድ ባዶ ጋጣ እንዳላቸው ነገረችን። «አባባ፣ ጥር ላይ ጉዞ አለን። ከልጅዎ ጋር ይምጡና ትሬሉ፣ መንገዱ ላይ እንየዋ። ሰዓቱን ጠብቆ፣ ሳይረበሽ ከጨረሰ ምን ችግር አለ፣ እኛ ጋ ይሆናል። እርስዎም እንግዶቻችንን ይመሩልናል» አለችው።

እየሳቀች ነው ያለችው። አባዬ የሰማው ግን ሽማግሌ ፊት እንደተነገረ ቃል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፉ የማይወጣው «ሰዓቱን ጠብቆ» የምትለዋ ሆነች። ቁርስ ላይ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ሊተኛ ሲል ሰዓቱን ጠብቆ። «አባዬ፣ ሰማን እኮ» እለዋለሁ። «አንቺ ሲሚንቶ አትጎትቺም፤ ምን አለብሽ» ይለኛል።

ጉዞው እንዲህ ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚኬደው፤ ጥንዶቹ አብረው ወጥተው አብረው መግባት አለባቸው። መንገዱ በየዛፉ ላይ በታሰረ ቀይ ጨርቅ ይታወቃል፤ ማሳውን፣ ጫካውን፣ ወንዙን፣ መንደሩን እያለ ዞሮ ክለቡ ይመለሳል። የክለቡ ሰዎች ቀደም ብለው ራሳቸው በደህና እርምጃ ሄደውበት የፈጀባቸውን ሰዓት ይዘው ይደብቁታል። አሸናፊው ለዚያ ለተደበቀው ሰዓት በጣም የቀረበ ነው። የቸኮለም ይወድቃል፣ የዘገየም ይወድቃል። ሲነግሩኝ እንዲህ ያለ ጉድ ሰምቼ አላውቅም አልኩ። አባዬ ግን ወዲያው ገባው። «ፈረሱን ሳትገድይ፣ አንቺም ሳታንቀላፊ መሄድ ነዋ። ገበያ እንደምንሄደው» አለኝ።

እኔ በልጅነቴ እሱ ነው ያስጋለበኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስንት ዘመን ኮርቻ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ክለቡ አንዲት ግራጫ ባዝራ አዋሰኝና እሑድ እሑድ ተለማመድኩ። ሰኞ ሱቅ ስገባ እንደ ዳክዬ ነው የምራመደው። መካኒኮቹ «እትዬ፣ የፈረስ መለዋወጫም ሊያስገቡ ነው እንዴ?» እያሉ አለቁብኝ። ሳቁ ግድ አልሰጠኝም። አባቴ ደስ ብሎት ስለነበር ጭኔ ቢላጥም ችዬዋለሁ።

ጉዞው ቅዳሜ ነበር። አርብ ማታ ለፈረሱ እንቅረብ ብለን ያክስቱ ልጅ ግቢ አደርን። ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የድሮው መንደር እድር አልፈረሰም፤ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊው ማለዳ በየብሎኩ ሥር እየዞረ ስም ይጠራል። ቤታችን አድረን ቢሆን እንሰማው ነበር፤ ያክስቱ ልጅ ግቢ ግን ከመንደሩ ጫፍ ስለሆነ ጡሩንባው አይደርሰውም። አባዬ ስልኩን ሶፋው ላይ ረስቶታል። እኛ ጎህ ሲቀድ ፈረሱን ይዘን በጓሮ በኩል ወደ ክለቡ ወጣን።

ክለቡ ስንደርስ ቁጥር ያለበት ሰደርያ አለበሱን። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ጉያው ውስጥ ከተተና ሄልሜት አደረገ። ሥራ አስኪያጇ በማይክ ደንቡን ታስረዳ ነበር፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። እኔ የአባዬን የሄልሜት ማሰሪያ ከአገጩ ሥር ስታገል ነበር፤ አላዳመጥኩም። ከዚያ በየተራ እያራራቁ ለቀቁን።

መጀመሪያው፣ አልዋሽም፣ ደስ ይል ነበር። ማሳው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ከበላያችን አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ ባዝራዬ ትደነብራለች፤ የሱ ፈረስ ጆሮውን እንኳ አያዞርም። «ዛቡን ለቀቅ አድርጊላት፤ አንቺ ስትፈሪ ነው የምትፈራው» ይለኛል። ሜዳው ላይ ሶምሶማ፣ ቁልቁለቱ ላይ ዝግ፣ ወንዙ ዳር ውሃ እስኪጠጡ ቆም። እኔ ሰዓት አልያዝኩም፣ እሱም አልያዘም፤ ግን አንድም ቦታ አላቅማማም። አጋማሹ ላይ ሰዓት የሚይዝ ጎረምሳ ተቀምጦ ነበር። ሰዓቱን አየና «አሪፍ እየሄዳችሁ ነው» አለን። አባዬ የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረገው። «አየህ፣ ሲሚንቶ የለም» አለው።

ከዚያ ቀዩ ጨርቅ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወዳለው መንደር አወረደን። ጠባቡ መንገድ ላይ፣ ግራና ቀኙ አጥር በሆነበት፣ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። እንደ ደንባችን መንገዱን ግማሽ ዘግቶታል፤ አንድ ፈረስ የሚያሳልፍ ቦታ ብቻ ቀርቷል። አግዳሚ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች፣ ወዲያ ካርታ የሚጫወቱ ወጣቶች፣ በሩ አጠገብ ጥቁር የለበሱ ሴቶች አሉ።

ፈረሰኛ ለቅሶ ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል። የሚያውቀው ሰው ይሁን አይሁን፣ ይቸኩል አይቸኩል፣ ራቅ ብሎ ይወርዳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ፈረሱን ይስባል። ካዘኑት አንዱ ተነስቶ ልጓሙን ይቀበለዋል። የሚያውቃቸው ከሆነ ገብቶ ይቀመጣል። በፈረስ እንደተቀመጠ ያለፈ ሰው «እንኳን ሞተ» ያለ ያህል ነው። ይህን ያስተማረኝ አባዬ ነው፣ ያውም በልምጭ። ልጅ ሆኜ አንድ ጎረቤት ለቅሶ ፊት ለፊት እየጋለብኩ አለፍኩ። እጄን ይዞ ከፈረሱ አወረደኝ፣ በእግሬ መለሰኝ፣ የሽማግሎቹን ጉልበት እንድስም አደረገኝ። ጎረቤት ሁሉ እያየ። እንዴት አፍሬ እንደነበር ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ስለዚህ ድንኳኑን ሳይ ሳላስበው አንድ እግሬን ከእርካቡ አወጣሁ። «አባዬ፣ ለቅሶ ነው» አልኩት።

«አይቻለሁ።»

«እንውረዳ።»

«ቀጥይ» አለኝ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ዞሬ አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ከወረድን መግባት አለ። ከገባን መቀመጥ አለ። ሰዓቱ ያልፋል። ቀጥይ ብዬሻለሁ» አለና ፈረሱን ከፊቴ አስገባ።

አግዳሚው ላይ ከነበሩት አንድ ሽማግሌ ፈረስ ሲያዩ ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ልጓሙን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘርግተው ሁለት ሦስት እርምጃ መጡ። አባዬ አለፋቸው። ዓይኑን ከፈረሱ ጆሮዎች መካከል ሳይነቅል፣ ቀስ ብሎ፣ ሰዓቱን ጠብቆ አለፋቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ወዲያው አላወረዱም። እኔ ከኋላ ስደርስ እጃቸው እንደተዘረጋ ነበር። «እግዜር ያጥናችሁ» አልኩ ከኮርቻዬ ላይ። ዝም ብዬ ባልፍ ይሻል ነበር። አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ካርታ ተጫዋቾቹ እንኳ እጃቸው ላይ ያለውን ካርታ ይዘው ቀሩ። ሄልሜቱ ፊቱን ይሸፍንለት ይሆናል ብዬ ተመኘሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ያን ፈረስ የማያውቅ የመንደሩ ሰው የለም።

ከመታጠፊያው እንዳለፍን ደሜ ፈላ። «ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? እኔ እንኳ፣ ወሎ ሰፈር ስጮህ የምውለው፣ ይሄን አላደርግም» አልኩት። ብዙ ከሄድን በኋላ «የማን ቤት እንደሆነ አየሽ?» አለኝ። አላየሁም ነበር። ነገረኝ።

የወንፈል ጓደኛው ቤት ነው። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን እያሉ አብረው ያረሱ፣ አብረው ያጨዱ፣ ፈረሶቻቸውን አንድ መስክ ላይ ያሰማሩ ሰዎች ናቸው። እናቴ የሞተች ጊዜ ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ቀንና ሌሊት አላባራም። ያ ሰው በፈረስ መጣ። ከፈረሱ የወረደው ግን አስፋልቱ ዳር ነው፣ ድንኳናችን ገና በዓይን ሳይታይ። ከዚያ ጀምሮ ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ፣ ፈረሱን እየጎተተ፣ «ወንድሜን» እያለ ደጃችን ደረሰ። አባዬ ተቀብሎት ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔም ገና ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

«ምናልባት እሱ አይሆንም። አማቱ ታመው ነበር» አለ አባዬ።

«እንመለስ አባዬ።»

«ፈረሱን ላስገባና በእግሬ እመለሳለሁ። እሱ ቢሆንም ፈረስ ያውቃል። ይገባዋል።»

የሞተ ሰው ምን ይገባዋል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በሕይወቴ ምላሴን የዋጥኩባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ያ ነው።

ክለቡ ስንገባ ተጨበጨበልን። የእንስሳት ሐኪሙ የፈረሱን ልብ አዳመጠ፣ እግሩን አንድ በአንድ አነሳና «ንጹሕ ነው» አለ። የተደበቀው ሰዓት ሲነገር ሁለተኛ ወጣን። ሰማያዊ ሪባን ሰጡን፣ ፎቶ አነሱን። አባዬ ፎቶው እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም፤ ሪባኑን እንደያዘ ወደ ሥራ አስኪያጇ ሄደ። «ልጄ፣ ሰዓቱን ጠብቀናል። ፈረሱስ?» አላት።

ሳቀች። «እንዴ አባባ፣ እሱንማ ያን ቀን ነው እኮ የወሰንነው። በጣም ነው የወደድነው። ጋጣው ተጠርጎ ነው ያለው። ሰዓቱ እኮ ለጨዋታ ነው፣ ጀስት ፎር ፈን» አለችው።

አባዬ የመጨረሻውን እንግሊዝኛ አልሰማውም፤ «ለጨዋታ ነው» የሚለውን ግን ሰምቷል። እኔ መሀል ገባሁ። «መንገድ ላይ ለቅሶ ቢያጋጥም፣ ሰው ወርዶ ቢቀመጥስ?» አልኳት።

«ለቅሶ ነበረ እንዴ? ሶሪ። እንደዚያ ሲሆን ተመልሶ መንገር ነው፣ የቆማችሁበት ይቀነሳል። ጠዋት በማይክ ተናግሬያለሁ እኮ።»

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ይሄው ነው ያናደደኝ። ሱቄ ውስጥ ብትሆን አንድ ነገር እወረውርባት ነበር። የማንም ጥፋት ያልሆነ ነገር ሲያቃጥል የምትጮህበት ሰው እንኳ ታጣለህ። አባዬ «እግዜር ይስጥሽ» አላትና ፈረሱን ወደ ጋጣው ወሰደው። ኮርቻውን አወረደ፣ ላቡን በድርቆሽ ጠረገለት፣ ውሃ ሰጠው። ከፈረሱ ጎን ቆሞ ብዙ ቆየ። ስጠራው ሪባኑን ሰጠኝና «እንሂድ» አለ።

መንደሩ ስንደርስ ቀብር አልቋል። የሞተው ራሱ ጓደኛው ነበር፤ ሌሊቱን ነው ያለፈው። እኛ ፎቶ ስንነሳ እነሱ አፈር እያለበሱት ነበር ማለት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ተጠጋግተው ለአባዬ ደህና ቦታ ለቀቁለት፣ ንፍሮ አቀረቡለት። የዘለፈው የለም፣ ያጉረመረመም የለም። እጃቸውን ዘርግተው የነበሩት ሽማግሌ የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አጠገቡ ተቀመጡ። «ነፍስ ይማር» አለ አባዬ። «ይማር» አሉ። ንፍሮውን ወደሱ ጠጋ አደረጉና «በእግርዎ ነው የመጡት? ደክሞዎታል» አሉት። እስከዚያ ቀን ድረስ «አንተ» ነበር የሚሉት፤ አብሮ አደግ ናቸው።

«አዎ፣ በእግሬ ነው» አለ አባዬ።

ልንነሳ ስንል የሟቹ ሚስት ዘንድ ሄደ። «እቴ፣ ጠዋት እኮ ፈረሱ…» ብሎ ጀመረ። «ተወው፤ ሆድ ይፍጀው። መጥተሃል፣ ይበቃል» አለችው። በደንብ አድርጋ ብትሰድበው ምናለበት ነበር። ሰድበውት ቢሆን ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፣ ሽማግሌ ይልክ ነበር፣ እርቅ ይወርድ ነበር። እነሱ ግን ምንም እንዳላጠፋ ሰው አክብረው አበሉት፣ አጠጡት፣ ሸኙት። ያን መንደር ያን ቀን ጠላሁት። አሁንም አልወጣልኝም።

ፈረሱ ደህና ነው። ወፍሯል፣ ጸጉሩ ያበራል፤ የቦሌ ሕፃናት ካሮት ያበሉታል። አባዬ ለጥቂት ሳምንታት እየሄደ እንግዶቹን መራ። ከዚያ ጉልበቴን አሞኛል አለ። ሥራ አስኪያጇ ደወለች፤ «አባባን ሁሉም ሰው ይጠይቃል» አለችኝ። ነገርኩት። «ሌላ ሰው አያጡም» አለኝ። ፈረሱን እንኳ እንሂድና እንየው ስለው ነገ ይላል፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ ይላል። ለፈረሱ ብሎ ያን ሁሉ ያደረገ ሰው ፈረሱን ማየት አስጠላው። ከእድር ስብሰባም ቀረ። መንደሩን ላለማየት ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በወዲያኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው።

በቀደም ከሱቅ ስመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከታች፣ በሁለቱ ብሎኮች መካከል፣ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ያሉ አንድ እናት አርፈዋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቋሚውን ሲያቆሙ፣ ሸራውን ሲወጥሩ አየን።

«እኔ ስሞት ድንኳን እንዳታስተክይ» አለኝ።

ተናደድኩ። «ደግሞ ምን መጣ አባዬ? እድሩ አለ፣ ጎረቤት አለ። እኔ ሳልሞት አባቴ ያለ ድንኳን ይሸኛል? ሰው ምን ይለኛል?» አልኩት።

«እድሩ ይቅበረኝ፤ ግዴታው ነው» አለ ሸራውን እያየ። «ድንኳኑ ግን ይቅር። እኔ በማን ደጃፍ ወርጄ ነው ሰው በኔ ደጃፍ የሚወርደው?»